ከጓሮ እስከ ሳነቴ፦ ወፍና አውሬ ማየት እንዴት ይጀመራል?

ብዙ ሰው ተፈጥሮን ለማየት ሩቅ መሄድ ያለበት ይመስለዋል። ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች፣ አርባ ምንጭ። የመኪና ኪራይ፣ ሆቴል፣ የሳምንት ፈቃድ። ገንዘቡና ጊዜው ሳይገጣጠም ዓመቱ ያልቃል። የእኔ ምክር ሌላ ነው። ከቤታችሁ ጀምሩ። ጓሮ ካለ ከጓሮ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነም ከበረንዳ። ዓይናችሁ እዚያ ከለመደ በኋላ ሌላው ሰው ሳያየው የሚያልፈውን እናንተ እንጦጦም ላይ፣ ባሌም ላይ ታገኙታላችሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነሱ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም የማይገኙ አሉ። የውጭ ጎብኚ ውቅያኖስ አቋርጦ ሊያያቸው ይመጣል። የተወሰኑት ግን አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ከጭንቅላታችን በላይ ያልፋሉ። ጋጋኖን ውሰዱ። ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል፤ በማለዳ በቡድን እየጮኸ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያና በየሕንፃው ላይ የምታዩት፣ አንገቱ ላይ ነጭ ያለው ግራጫ ርግብም እንደዚሁ የዚህ ደጋ ብቻ ነው።

አንድ፦ መቀመጫና ሰዓት ምረጡ

ጓሯችሁ ውስጥ አንድ ቋሚ ቦታ ያዙ። በርጩማ ይበቃል። ከኋላችሁ ግድግዳ፣ አጥር ወይም የዛፍ ግንድ ይኑር፤ የሰው ቅርጽ ገላጣ ቦታ ላይ ተለይቶ ሲታይ ወፍ ቶሎ ይሸሻል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ሌሊቱን ምንም ሳይቀምሱ ስላደሩ በዚህ ሰዓት ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ዝማሬያቸውም የሚበረታው ያኔ ነው። ቀትር ላይ አብዛኞቹ ጥላ ይዘው ዝም ይላሉ። ጠዋት ሥራ ካለባችሁ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሞክሩ።

ከተቀመጣችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ አትነሱ። ከቤት ስትወጡ አይተዋችኋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ግቢው ባዶ ይመስላል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ታገሡ። አደጋ እንደሌለ ሲያረጋግጡ አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ቡናችሁን ይዛችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ የስልካችሁን ድምፅ ግን አጥፉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ስም አትጨነቁ። ምን እንደሚበላ፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ብቻውን ይሁን ከሌሎች ጋር ብቻ ተከታተሉ። ስሙን ቀድሞ ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ማየቱን እዚያው ያቆማል።

ሁለት፦ ግቢውን የሚወደድ አድርጉት

ቀላሉ ነገር ውሃ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ሳህን ውሰዱ። የውሃው ጥልቀት ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ ትንንሽ ወፎች ይፈራሉ፣ ሊሰምጡም ይችላሉ። መሃሉ ላይ የሚቆሙበት ድንጋይ አስቀምጡ። ሳህኑን ከቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ያህል አርቁት፤ በጣም ከቀረበ ድመት ተደብቃ ትይዛቸዋለች፣ በጣም ከራቀ ደግሞ የሚሸሹበት ያጣሉ። ውሃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። የወባ ትንኝም ሆነች ሌላዋ ትንኝ ከእንቁላል ወጥታ ለመብረር ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ስለምትፈልግ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ውሃ ትንኝ አያፈራም። በበጋ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ ይህ ሳህን ከየትኛውም ጥራጥሬ ይበልጥ ወፍ ይጠራል።

ቀጥሎ ተክል። ለአጥር ሰንሰል ትከሉ። ነጭ አበባው ማር ስላለው ቀጭንና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ማር ቀሳሚ ወፎች ይመላለሱበታል። ደጋ ላይ ከሆናችሁ ከእነዚህ አንዱን በእርግጥ ታዩታላችሁ፦ ወንዱ ሩቅ ሆናችሁ ስታዩት ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ከጅራቱ መሃል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ወጥተዋል። እሬት ሲያብብም ይመጣል። ግራዋ፣ ዳማከሴና ጦስኝ ለንብና ለቢራቢሮ ጥሩ ናቸው፤ ነፍሳት ካሉ ነፍሳት የሚበሉ ወፎች ይከተላሉ። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ዋንዛ፣ ወይራ ወይም ብሳና ቢተክል ፍሬውን የሚለቅሙ ወፎች ለዓመታት አያጣም። ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ለማገዶም ይጠቅማል፤ ለወፍ ግን ከአገር በቀሎቹ ጋር አይወዳደርም።

ሦስተኛው ነገር አለማድረግ ነው። ከግቢው አንድ ጥግ አትጥረጉ፣ አትኮትኩቱ። የረገፈ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨት፣ ረዘም ያለ ሣር እዚያ ይቆይ። ትል፣ ሸረሪትና ጥንዚዛ የሚራቡት እዚያ ነው። ፀረ ተባይ መርጨትም ተዉ። የጎመኑ ክሽክሽ ከበዛ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ጋጋኖ ሣሩን በምንቃሩ ሲወጋጋ አታባርሩት፤ ሥር የሚበላውን ትል እያወጣላችሁ ነው።

እዚህ ላይ ከልብ የምለምነው ነገር አለ። እስስትና ጉጉት ብዙ በደል ይደርስባቸዋል። እስስት መርዝ የላትም። አጥሩ ውስጥ ቀስ እያለች ዝንብና ፌንጣ ትበላለች፤ ካልነካችኋት አትነካችሁም። ጉጉት ጣሪያ ላይ ሲጮህ ሞት ይጠራል ተብሎ በድንጋይ ይባረራል። ጉጉት የጮኸው ግዛቱን ለማሳወቅ ወይም ሴቷን ለመጥራት ነው፤ ሌሊት የሚለቅመውም አይጥ ነው። ልጆች ድንጋይ ሲያነሱ ካያችሁ ቁጡ ሳትሆኑ ይህንኑ አስረዷቸው። ልጅ ምክንያቱ ከተነገረው ጠባቂ ይሆናል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

እባብም ሊያጋጥም ይችላል። ድንጋይ ወይም የእንጨት ክምር ስታነሱ እጃችሁን መጀመሪያ አትስደዱ፤ በመጥረጊያ እንጨት ገልብጡ። ጓንትና ቦት ጫማ አድርጉ። እባብ ካያችሁ ቆም በሉ፣ ወደ ኋላ ሂዱ፣ መውጫ ስጡት። አብዛኛው ሰው የሚነደፈው ሊገድለው ሲታገል ወይም ሳያይ ሲረግጠው ነው። ምናልባት ሰው ከተነደፈ ቁስሉን አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድም አጥብቃችሁ አትሠሩ። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ የተነደፈው አካል እንዳይንቀሳቀስ ደግፉት፣ ሰውየውን እያረጋጋችሁ በመኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሦስት፦ ደብተር ያዙ

ውድ ነገር አያስፈልግም። የኪስ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በዝናብ ይለቃል፣ እርሳስ አይለቅም። በየቀኑ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የአየሩን ሁኔታ ጻፉ። ከዚያ ያያችሁትን።

የማታውቁትን ወፍ ስታዩ መጠኑን ከምታውቁት ጋር አስተያዩ። ከድንቢጥ ያንሳል ወይስ ይበልጣል? ርግብ ያክላል? ቁራ ያክላል? ቀጥሎ ምንቃሩን እዩ። አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ፈልፋይ ነው፤ ቀጭንና ሹል ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ሥጋ በሊታ። ቀለሙን መጨረሻ ላይ ጻፉ፤ ቀለም በብርሃን ይለዋወጣል። ሥዕል ባትችሉም የወፉን ቅርጽ በመስመር አውጡና "እዚህ ነጭ፣ እዚህ ቡናማ" ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

ቀኑን መጻፍ ለምን እንደሚጠቅም በመስቀል ወፍ ላስረዳ። ክረምቱ ሲገባ ሣር ውስጥ ቢጫና ጥቁር፣ ወይም ቀይና ጥቁር የለበሱ ትንንሽ ወፎች ይታያሉ። እስከ መስከረም አደይ አበባው ላይ ይርመሰመሳሉ፤ ከዚያ የጠፉ ይመስላሉ። "እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ" የምንለውም ለዚሁ ነው። ብዙዎቹ ግን የትም አልሄዱም። ደማቁን ልብስ የሚለብሰው ወንዱ ነው፣ እሱም በመራቢያው ወቅት ብቻ። ዝናቡ ሲያበቃ ላባውን ይቀይርና እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ ጋር ይቀላቀላል። ደብተር የያዘ ሰው በኅዳር ወር እነዚያን "ድንቢጦች" ደግሞ ያያቸዋል፤ ክንፋቸው ላይ የቀረውን ቀለም ያገኛል።

ስም ለማግኘት ስልክም ይረዳል። ሜርሊን የሚባለው መተግበሪያ በነፃ ይወርዳል፤ የኢትዮጵያን ወፎች ቀድማችሁ ብትጭኑበት ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። አይናቹራሊስት ደግሞ ለተክልም፣ ለነፍሳትም፣ ለአውሬም ይሆናል፤ ፎቶውን ስትሰቅሉ ሌሎች ሰዎች አይተው ያርሟችኋል። መተግበሪያው የሰጣችሁን ስም እንደ መነሻ ብቻ ውሰዱት። የወፍ ድምፅ ከስልክ እያጫወቱ ወፍ መጥራት ግን በተለይ በጎጆ ወቅት ጥሩ አይደለም፤ ወፉ ጠላት መጣብኝ ብሎ እንቁላሉን ጥሎ ሊወጣ ይችላል።

ከስልኩ በፊት ግን አያትን፣ እረኛን፣ የገዳም አባትን ጠይቁ። መተግበሪያው የሌለው እውቀት እነሱ ዘንድ አለ፦ ይህ ወፍ ሲመጣ ዝናብ ይቃረባል፣ ያኛው ማሽላ ሲያሽት ይወርዳል፣ እነዚህ ከላም ጀርባ መዥገር ይለቅማሉ። የነገሯችሁን በአካባቢው ስም ጻፉት።

አራት፦ ባይኖኩላር

አቅም ካለ ግዙ፣ ከሌለ ለስድስት ወር ያለሱም ይቻላል። 8×42 ወይም 8×32 የሚል ፈልጉ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስተዋቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። 10 እና 12 የሚያቀርበው የተሻለ ቢመስልም የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላዋል። ሲጠቀሙበት ዋናው ነገር ዓይንን ከወፉ ላይ አለማንሳት ነው፤ ወፉን እያያችሁ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ።

አምስት፦ ወደ ጫካ ውጡ

አዲስ አበባ ላላችሁ ጉለሌ የእፅዋት ማዕከልና እንጦጦ ቅርብ ናቸው። ትንሽ መሄድ ከቻላችሁ ግን መናገሻ ሱባን አስቀድሙ። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ሥር ያለ ጥንታዊ የጥድ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ስትሉ ኮሶ። ጉሬዛ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ፣ ዓይነቱ ብዙ ወፍ አለ።

ብቻችሁን አትሂዱ። የደን ጠባቂ ወይም የአካባቢው ልጅ ይምራችሁ፤ ተገቢውን ክፈሉት። ነጭ ልብስና ደማቅ ጃኬት ቤት ይቅር፤ አመድማ፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ልበሱ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ያለበለዚያ የምታዩት ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ጥቂት እርምጃ ሂዱና ቁሙ። እንደገና ሂዱና ቁሙ። በአንድ ሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ፍጥነታችሁ ጥሩ ነው። ተራራ ለመውጣት የመጣ ጓደኛ ካለ በዚያ ቀን ለብቻው ይውጣ፤ ሁለቱ ዓላማዎች አብረው አይሄዱም።

ጫካ ውስጥ ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። ከላይ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝና ቅጠል ሲረግፍ ከሰማችሁ ቀና በሉ፤ የጉሬዛው ረጅም ነጭ ጅራት ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። በአጭሩ የሚጮህ ውሻ የሚመስል ድምፅ ከቁጥቋጦ ከወጣ ድኩላው አይቷችኋል፤ ባላችሁበት ቁሙ። ግንድ ሲቆረቆር ከሰማችሁ ግንደ ቆርቁር ነው፤ ድምፁን ተከትላችሁ ዛፉን ዙሩ፣ ሁልጊዜ ከናንተ በተቃራኒው በኩል ይለጠፋል።

የሰው ማሳ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ። "እንደምን አደራችሁ፣ በዚህ ማለፍ ይቻላል?" ማለት ብዙ በር ይከፍታል። የእረኛ ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ቁሙና ባለቤቱን ጥሩ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ ብትመስሉ አብዛኛው ይመለሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ከጫካ ውጡ። እኛ ጋ ሲጨልም ቶሎ ነው፣ ጅብም የሚወጣው ያኔ ነው።

ስድስት፦ ሩቅ መንገድ

አሁን ዓይናችሁ ዝግጁ ነው። መጀመሪያ ደብረ ሊባኖስን እመክራለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይታያሉ። ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ዋና ምግቡም ሣር ነው። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ስለዚህ ማልዳችሁ ድረሱ። ቁጭ በሉ፤ የቆመ ሰው ያስፈራቸዋል። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ቀርባችሁታልና ራቁ። ሙዝና ዳቦ በፍጹም አትስጡ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬ ማሳ ይገባል፣ ከዚያ በድንጋይ ይመታል። እግረ መንገዳችሁን ሰማዩንም እዩ፤ ጥንብ አንሳዎች ከገደሉ በታች ሲበሩ ከላይ ሆኖ ጀርባቸውን ማየት የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ሐዋሳ ደግሞ ለልጆች ይመቻል። አሞራ ገደል ማለዳ ዓሣ ሲራገፍ ፔሊካኑና መላጣው ግዙፍ ሽመላ ከሰው እግር ሥር ይቆማሉ። ጉሬዛና ጦጣም አሉ፤ ምሳችሁን ከቦርሳ አታውጡ። ሐይቁ ዳር ሲመሽ አትቆዩ፣ ጉማሬ ለግጦሽ ይወጣል። ማታ አጎበር ተጠቀሙ።

ባሌ የመጨረሻው ይሁን። ጋይሳይ ሜዳ ላይ፣ ዲንሾ አጠገብ፣ የደጋ አጋዘን በጠዋትና በማታ ይታያል። ቀይ ቀበሮን ለማየት ወደ ሳነቴ አምባ ውጡ። መንገዱ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው ነው፤ አምባው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከአዲስ አበባ መጥታችሁ በዚያው ቀን አትውጡት። ዲንሾ ወይም ጎባ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቀስ በሉ። ራስ ምታቱ እየባሰ ማቅለሽለሽ ከጨመረበት መድኃኒቱ መውረድ ነው። ፀሐዩ ቢያቃጥልም ሌሊቱ በረዶ ነው፤ ወፍራም ካፖርት፣ ጓንት፣ ኮፍያ ያዙ።

ቀይ ቀበሮ ከብዙ አውሬዎች በተለየ ቀን ያድናል። የሚኖረው በቡድን ቢሆንም ሲያድን ብቻውን ነው፣ የሚፈልገውም ፍልፈልና አይጥ። ስለዚህ ቀበሮውን አትፈልጉ፤ ፍልፈል የቆፈረውን መሬት ፈልጉና መኪናውን አቁማችሁ ጠብቁ። አፈር ከጉድጓድ እየተገፋ ሲወጣ ካያችሁ ቦታው ትክክል ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ብዙዎቹን ጨርሷል። በዚህ ምክንያት ውሻ ይዞ መምጣት ፈጽሞ አይገባም። አምባው ላይ መኪና ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ከመንገዱም አትውጡ፤ ጎማ ያፈረሰው ጉድጓድ የቀበሮው ምግብ ቤት ነው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይመቻል። መንገዱ ይደርቃል፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም በየሐይቁና በየሜዳው ይጨመራሉ። ከአገር ውጭ ያላችሁም ከዚህ አልተለያችሁም። እስራኤል ላይ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጭ ሽመላዎች በሰማይ ያልፋሉ፤ ከእነሱ ከፊሎቹ ኢትዮጵያን ያቋርጣሉ። የቤተ እስራኤል ልጆች ጎንደር ሳሉ ሽመላ ሲያልፍ ቀና ብለው የኢየሩሳሌምን ደኅንነት ይጠይቁት ነበር። አሁን እስራኤል የምትኖሩ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ወደ ሰሜን፣ በነሐሴ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ታገኟቸዋላችሁ። አየሩ ሞቆ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር፣ ማለትም ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ክፍት ሰማይ ወዳለበት ውጡ። ሞቃቱ አየር ላይ ተሽከርክረው ከፍ ይሉና ክንፋቸውን ዘርግተው ይንሸራተታሉ። ለመቁጠር መጀመሪያ አሥሩን ለዩ፤ ከዚያ መንጋው ስንት አሥር እንደሚሆን ገምቱና ቀኑን፣ ሰዓቱንና አቅጣጫውን ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ።